የሻምበሉ ሚስት ከሞት የተነሣችበት ምዕራፍ

በውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤት ከአራተኛው መስኮት ኋላ የሚቀመጠውን ሰውዬ ባልደረቦቹ መርማሪው ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለክብሩ ብለው አይደለም። ደንበኛ ቆጣሪው አብዝቶ ቆጥሮብኛል ብሎ ሲመጣ፣ እንደ ሌላው ሠራተኛ ሰምቶ በመመዝገብ ፈንታ ዐይኑን አጥብቦ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ "ቧንቧው ሲፈስ አንተ የት ነበርክ?" ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ደንበኛው የመጣበትን ይረሳና የነበረበትን ማስረዳት ይጀምራል። አንዳንዱ ያልተጠየቀውን ሁሉ ዘርግፎ፣ ጎረቤቱን ከስሶ፣ ጉዳዩን ሳያስጨርስ ይሄዳል። አለቃው ይህን ጠባዩን ያውቃል፤ አቤቱታ ስለሚቀንስለት ግን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ሰውዬውን እንዲህ ያደረገው መጽሐፍ ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣ ጀምሮ ከወንጀል ልብ ወለድ በቀር ሌላ በእጁ ይዞ አያውቅም። እኩዮቹ ማንን ላግባ፣ ቤት የት ልሥራ ሲሉ፣ እሱ ማን ገደለው ሲል ፀጉሩ ሸበተ። የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ፣ ክንደ ብርቱና ምላሰ ስለታም ሴት ናት። "ቀን የሰው ደም ከአንሶላ ሳስለቅቅ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ አንተ በብብትህ ደም ይዘህልኝ ትገባለህ" ትለዋለች። እሱም "እትዬ፣ ይሄኛው በመርዝ ነው የሞተው፤ ደም የለውም" ብሎ ያጽናናታል።

ይህ ሰው በሳምንታዊው ጋዜጣ ስምንተኛ ገጽ ላይ ግማሽ ገጽ አለችው። በየቅዳሜው አዲስ የወጣ የወንጀል ልብ ወለድ ይተቻል። ይተቻል ማለት እንኳ ያንሳል፤ ይቀብራል። "የዚህ መጽሐፍ ሟች አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንባቢው ነው" ብሎ የጻፈው እሱ ነው። "ደራሲው ሬሳውን የት እንዳስቀመጠው ስለረሳ፣ እኛም ባንፈልግለት አይቀየምም" ያለውም እሱ ነው። አንድ ደራሲ ከሩቅ አይቶት መንገድ ተሻገረ ተብሎ ሲወራ ሰምቶ፣ ደስታውን ለመደበቅ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከአራተኛው መስኮት ኋላ ማንም አልነበረም። ስምንተኛው ገጽ ላይ ግን የሚፈራ ሰው ነበር። ያቺን ግማሽ ገጽ ከወሰዱበት የሚቀረው የውሃ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ይህንንም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አንድ ቀን አዘጋጁ አስጠራው። አዘጋጁ ጠረጴዛው ላይ እግሩን ከመስቀል በቀር ሌላ ክፋት የሌለበት፣ ነገሩን ግን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው። አንባቢ ተማሯል አለው። ሰው ቅዳሜ ጠዋት ሻዩን ይዞ ጋዜጣ ሲገልጥ ሻዩ ይመርረዋል፤ ከሚወጣው መጽሐፍ ሁሉ አንድ እንኳ ደህና እንዴት ይጠፋል? እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመሰገን መጽሐፍ ካልተገኘ፣ ከጎኗ ያለው የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ሰፋ ብሎ ግማሿን ገጽ ይወስዳል።

"ውሸት ልጻፍ?" አለ መርማሪው።

"እኔ ውሸት አላልኩም። ውደድ ነው ያልኩህ" አለ አዘጋጁ።

መርማሪው ሁለት እሳት መካከል ገባ። መዋሸት አይችልም፤ ኩራቱ አይፈቅድለትም። መውደድ ደግሞ በትእዛዝ አይሆንም። በዚህ ሐሳብ ተወጥሮ በቀጥታ ወደ መጽሐፍ አከራይዋ ሄደ።

አከራይዋን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ምላጭ ነው የሚላት። ድሮ መጽሐፍ የሚከራያት ሰው አንብቦ ሲጨርስ ይዞ ይቀር ነበር። ብትለምን፣ ብትሳደብ፣ ደጃቸው ሄዳ ብትቆም አልሆነም። በኋላ አንድ ዘዴ መጣላት። የእያንዳንዱን መጽሐፍ መጨረሻ ምዕራፍ በምላጭ ቆርጣ አወጣችው። ደንበኛው መጽሐፉን ያለ መጨረሻው ይወስዳል፤ ሲመልስ መጨረሻው ከመደርደሪያ ወርዶ ይሰጠውና እዚያው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ያነባል። ከዚያ ወዲህ አንድም መጽሐፍ ጠፍቶባት አያውቅም። እንዲያውም ሰው እየሮጠ መመለስ ጀመረ። የትኛው መጨረሻ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ የምትለየው በክር ነው፤ መጽሐፉ ወገብ ላይ ቀይ ክር ካለ መጨረሻውም በቀይ ክር ታስሮ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቤት የገባ ሰው ሹፌሩንም ፀጉር አስተካካዩንም ባንኮኒው ላይ ተደፍተው፣ አንዱ ራሱን ሲነቀንቅ፣ አንዱ "አላልኩም!" ሲል ያገኛቸዋል።

መርማሪው ከእነሱ ጋር ቆሞ አያውቅም። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ነውና እማማ ምላጭ መጽሐፉንም መጨረሻውንም አንድ ላይ ይዞ እንዲሄድ ትፈቅድለታለች። በዚህ ይኮራል። ያን ቀንም ግራጫ ክር የታሰረበት አዲስ መጽሐፍ አንሥታ ሰጠችው፤ መጨረሻውንም በግራጫ ክር እንደታሰረ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችለት።

መጽሐፉን የጻፈው አርቲፊሻል ጥርስ የሚሠራ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራው ነው። መርማሪው ገና ሦስተኛውን ምዕራፍ ሳይጨርስ ተስፋ ቆረጠ። በዚያ ሰሞን የሚወጡት መጻሕፍት እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰሉ ነበር። ባለ ታሪኩ ሁልጊዜ ጡረታ የወጣ ሻምበል ነው፤ ስም የለውም፣ ሻምበሉ ብቻ ነው የሚባለው። ሚስቱ ወይ ሞታለች ወይ ጥላው ሄዳለች። ዝናብ አያባራም። ክብሪቱ እምቢ ይላል። ገጽ አርባ አካባቢ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት ትመጣለች፤ እሷን ማመን አይገባም። የጥርስ ሠራተኛው ሻምበልም እንደዚያው ነው፤ ሚስቱን ቀብሯል፣ በግራ እግሩ ያነክሳል፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የተገደለን የመድኃኒት ሻጭ ነገር ይመረምራል። ገዳዩ ዘበኛው መሆኑን ለማወቅ ዘበኛ መሆን አያስፈልግም። መርማሪው "ጥርስ የሌለው መጽሐፍ" የሚለውን ርዕስ በልቡ አዘጋጅቶ፣ መስቀለኛ ቃላቱን እያሰበ እየተከዘ፣ ግራጫውን ክር ፈታ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ሻምበሉ ወደብ ላይ ቆሟል። አያነክስም። ከመርከቡ ላይ ከዚህ በፊት ስሙ እንኳ ያልተነሣ አንድ ሰዓት ሠሪ ይወርዳል። ሻምበሉ "አንተ ነህ" ይለዋል። ሰዓት ሠሪውም "አዎ፣ ግን ዘገየህ" ይለዋል። ሻምበሉ ይለቀዋል። ዞር ሲል ሚስቱ ጃንጥላ ይዛ መጥታለች፤ ክንዱን ይዛው ወደ ቤት ይሄዳሉ። መድኃኒት ሻጩን የሚያነሣው የለም። ሕንፃውም የለም። መጽሐፉ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆሞ ነበር፤ መጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምረው ከገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት ነው። ፊደሉም ከቀድሞው ደቀቅ ያለ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ክሩን መልሶ አስሮ ወደ እማማ ምላጭ በሮጠ። መርማሪው ግን ተቺ ነው፤ ተቺ ያልገባውን ነገር አይመልስም፣ ያብራራዋል። ምዕራፉን ደጋግሞ አነበበው። በየንባቡ ገባው። እህቱን ከእንቅልፏ ሊቀሰቅሳት ቃጣና ምላሷን ፈርቶ ተወው። ቅዳሜ ስምንተኛው ገጽ ላይ የወጣው ይህ ነበር፤

"በመጨረሻ ደራሲ ተገኘ። ሻምበሉ በመጨረሻው ምዕራፍ አያነክስም፤ ምክንያቱም እውነትን የተሸከመ ሰው እግሩ ይቀናል። ሚስቱ ከሞት ትነሣለች፤ ደራሲው ሐዘናችንን ሁሉ ዝም ብሎ ተበድሮን እንደነበር ያኔ እናውቃለን። ገዳዩ ከዚህ በፊት ያላየነው ሰው ነው፤ በሕይወትስ የሚገድለን መቼ ከምናውቀው ወገን ሆኖ ያውቃል? የገጹ ቁጥር እንኳ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ጊዜ ለሻምበሉ ተመልሶለታልና።"

ጋዜጣው ተነበበ። አዘጋጁ እግሩን ከጠረጴዛው አውርዶ ጨበጠው። አሳታሚው መጽሐፉን ደግሞ ለማተም ተነሣ፤ "በመጨረሻ ደራሲ ተገኘ" የሚለውን ሽፋኑ ላይ ሊያሰፍር ነው። በውሃ መሥሪያ ቤት ሰላምታ የማይሰጠው አለቃ መስኮቱ ድረስ መጣ። መጽሐፉን ከሱቅ ገዝቶ ማንበቡን ነገረውና ትንሽ ቆም ብሎ፣ "ያ የሚስቱ ነገር ጥልቅ ነው" አለው። አለቃው የገዛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ዘበኛው ተይዞ ይወሰዳል እንጂ ሚስት የምትባል የለችም። ግን ማን ደፍሮ አላየሁም ይላል? ከተማው ውስጥ መጽሐፉን የገዛ ሁሉ ከሞት የተነሣችውን ሴት ፈልጎ አጣ፤ ሁሉም ጉድለቱን ከራሱ ቆጠረና ለጎረቤቱ "ጥልቅ ነው" አለው።

ከፈላጊዎቹ አንዱ ደራሲው ራሱ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት የመርማሪውን ቤት አንኳኳ። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ጣቱ ላይ የጀሶ ነጭ የደረቀበት፣ ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። እህቱ ሻይ አቀረበችለት። አመስግኖ አመስግኖ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ያ ሚስትየው የምትነሣበት ቦታ ገጽ ስንት ላይ ነበር? ፈልጌ አጣሁት" አለ።

መርማሪው ትሕትና መሰለው። እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ደራሲ የጻፈውን አያውቅም፣ እንቁላል የጣለችው ዶሮ ስለ ጫጩቱ ምን ታውቃለች፣ ይህ የተቺ ሥራ ነው እያለ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አስረዳው። ጥርስ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ሲወጣም "እንግዲህ ደግሜ አነበዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል" ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ሰኞ መርማሪው መጽሐፉን ሊመልስ ሄደ። እማማ ምላጭ ገና ከበር ስታየው፣ "ና እስቲ ልጄ፣ ጉዴን ልንገርህ" አለችው። ከጦፈ ጠብ የወጣችው ገና አሁን ነበር። አንዲት ደንበኛ የወደብ ታሪክ ተከራይታ ነበር፤ መልሳ መጨረሻውን ስትቀበል ወደብ የለም፣ መርከብ የለም፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ አንድ ዘበኛ እያለቀሰ ይወሰዳል። ሴትየዋ አታለልሽኝ ብላ ባንኮኒውን ስትደበድብ ነበር። እማማ ምላጭ የወደቡን መጽሐፍ ክር መስኮት አጠገብ ወስዳ አየችው። የወደቡ ታሪክ መጽሐፉም መጨረሻውም ድሮ በሰማያዊ ክር ነበር የታሰሩት፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ተቀምጠው ክራቸውን ፀሐይ በልቶት ግራጫ ሆኗል።

"እና ለአንተ የሰጠሁህ የወደቡን ነው። ለሷ የሰጠኋት የአንተን ነው። አላስተዋልክም እንዴ?" አለችው።

መርማሪው የወደቡን መጽሐፍ ከእጇ ተቀብሎ ሽፋኑን አየ። ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት እሱው ራሱ ስምንተኛው ገጽ ላይ ቀብሮታል። መጨረሻውን በተለይ እንዴት አድርጎ እንዳብጠለጠለው ቃል በቃል ትዝ አለው፤ "ሰዓት ሠሪው ከየት መጣ? ደራሲው ገዳይ ሲያልቅበት ከመንገድ ጠርቶ ያስገባው ነው።" የዚያን መጽሐፍ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ሲያሳትም የሰማ የለም።

"የጥርስ ሠራተኛውን መጨረሻ ስጪኝ" አለ።

እዚያው ባንኮኒው ጋ ቆሞ አነበበው። ዘበኛው ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን። እንደ ብዙዎቹ ተራ መጨረሻ ነው፤ ሻምበሉ ሁሉንም ሰብስቦ ይናገራል፣ ዘበኛው ያለቅሳል፣ ይዘንባል። ግን አንድ ቦታ ላይ ዐይኑ ቆመ። ዘበኛው እጁ ከመታሰሩ በፊት ሻምበሉን አንድ ነገር ይለምነዋል፤ ሰው እንዳይገባ የሕንፃውን በር ልቆልፍ ይላል። ሻምበሉም ይፈቅድለታል። ሦስት መስመር ብቻ ናት። መርማሪው ሦስቱን መስመሮች አነበበና ወረቀቱን አስቀመጠ፤ ዕድሜ ልኩን ያነበባቸው ሻምበሎች ሁሉ ተደምረው ያን አንድ ዘበኛ አያህሉም።

ማታ ለእህቱ ሁሉንም ነገራት። እህቱ እስክትታመም ሳቀች። ከዚያ ዝም በል አለችው። ማን ጠየቀህ? አዘጋጁ ደስ ብሎታል፣ ሰው ወዶታል፣ ሥራህም አለ፤ ገመድ በገዛ እጅህ አንገትህ ላይ አታጥልቅ። መርማሪውም ልክ ነሽ አላት፤ ልቡም ወደዚያው ነበር። ግማሽ ገጹን ይዞ እስኪያረጅ ሊኖር ይችላል። እህቱ ግን ሲኒዎቹን እያነሣች እንደ ዘበት፣

"ያ ሰውዬ ብቻ አሳዘነኝ። እዚህ ቁጭ ብሎ በገዛ መጽሐፉ ደንቆሮ ነኝ ብሎ ተቀብሎ ሄደ እኮ" አለች።

ከዚያ በኋላ ቆጣሪ ቢያይ ጥርስ ሠራተኛው፣ ደንበኛ ቢያይ ጥርስ ሠራተኛው ሆነበት። አንድ ደንበኛ ቧንቧዬ ፈሰሰ ብሎ ሲመጣ የት ነበርክ ሳይለው አስተናግዶ ሸኘው፤ ባልደረቦቹ ታሟል አሉ። ከሥራ ሲወጣ ወደ ጥርስ ሠራተኛው ሱቅ ሄደ።

ሱቁ ጠባብ ናት። ጠረጴዛው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። በመካከላቸው መጽሐፉ ተገልጦ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ በእርሳስ ብዛት ጠቁሯል። ሰውዬው ሚስቲቱን እየፈለገ ነበር።

መርማሪው ሳይቀመጥ ነገረው። ክሩን፣ ፀሐዩን፣ ወደቡን። "የሰው መጨረሻ ነው ያመሰገንኩት። የእርስዎን አላነበብኩም ነበር። ከእርስዎ መጽሐፍ ውስጥ የተነሣ ሰው የለም" አለ።

ጥርስ ሠራተኛው አንዱን መንጋጋ አንሥቶ መዝጋትና መክፈት ጀመረ።

"ቤተሰቤን ሰብስቤ አብራርቼላቸዋለሁ" አለ ቆይቶ። "ባለቤቴ አልገባኝም ስትለኝ ተቆጥቻት ነበር።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"የእኔውንስ አሁን አነበቡት?"

"አነበብኩት።"

"እና?"

መርማሪው ጀሶዎቹን አየ። ሽፋኑ ሊታተም ነው፤ አንድ ደግ ቃል ሁሉንም ነገር ይሸፍነው ነበር። "ተራ ነው። ገዳዩን ከሦስተኛው ምዕራፍ አውቄዋለሁ። የበሩ ነገር ግን" አለና ቆመ፤ ማመስገን አልለመደምና ቃሉ ጠፋበት። "የበሩን ነገር ሌላ ማንም ሰው አይጽፈውም።"

ሰውዬው መንጋጋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ማተሚያ ቤቱ አጣድፎኝ ነው። በአንድ ቀን ነው የጨረስኩት። ጥድፊያው የሚታወቅ አልመሰለኝም ነበር" አለ።

መርማሪው እንደተለመደው ለስምንተኛው ገጽ ጻፈ። የጻፈው የሆነውን ብቻ ነው፤ የወደቡን መጽሐፍ በፊት ምን ብሎት እንደነበር ሳይቀር። አዘጋጁ እያነበበ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ነገሩን ዘረዘረለት። ይህ ይውጣ ቢል ይወጣል፤ ሰው ይሻማበታል። ግን ከዚያ በኋላ ይሄ መጽሐፍ ጥሩ ነው ያኛው መጥፎ ነው ቢል ማን ይሰማዋል? ቀዶ ቢጥለው ግን ግማሽ ገጹ የእሱ እንደሆነች ትቀጥላለች።

"ምረጥ" አለው።

መርማሪው መነጽሩን አወለቀ፤ የሚደብቀው ደስታ ግን አልነበረውም። "ይውጣ" አለ።

ወጣ። ሰውም ሳቀ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ አለቃ መስኮቱ ድረስ መጥቶ "እኔስ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር" አለ፤ ከተማውም ሁሉ ያኔውኑ ጠርጥሮ ኖሯል። አሳታሚው ሽፋኑን አልቀየረም፤ ሽፋን የሚያነብ ጋዜጣ አያነብም ብሎ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መስቀለኛ ቃላቱ ገጹን ሞልቶ ወጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ውሃ የሚለካ መሣሪያ፣ ሦስት ፊደል" የሚል ነበር፤ መርማሪው ሞላውና ጋዜጣውን አጠፈው።

ብዙም ሳይቆይ ጥርስ ሠራተኛው ወደ መርማሪው ቤት ተመልሶ መጣ። በእጁ በእርሳስ የተጻፉ ወረቀቶች ይዟል፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና ጽፎታል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰጠው። መርማሪው እንደ ልማዱ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሚናደፍ ዐረፍተ ነገር ሲፈልግ ለራሱ ታወቀው። አንድ ደህና መጣለት። ከዚያ የሚያስቀምጥበት ገጽ እንደሌለው ትዝ አለውና ተወው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አነበበ።

"ዘበኛው በሩን ቆለፈ። መልካም። ቁልፉን ለማን ሰጠው?" አለ።

ጥርስ ሠራተኛው "እሱን አላሰብኩበትም" አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።